«ግፊቴ ሲጨምር ይታወቀኛል»

«ግፊቴ ሲጨምር ይታወቀኛል፤ ራሴን ያመኛል።» ይህን አባባል ከታካሚዎቼ አዘውትሬ እሰማለሁ። እውነታው ግን ሌላ ነው።

ከፍተኛ የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። ራስ ምታት በእንቅልፍ እጦት፣ በረሃብ ወይም የለመዱት ቡና ሲቀርም ይመጣል። በአንጻሩ የላይኛው ልኬት 180 ደርሶ ሰውዬው ምንም ሳይሰማው ሥራው ላይ ሊውል ይችላል። ልብ፣ አንጎል፣ ኩላሊትና ዓይን ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳሉ።

ሌላው የተሳሳተ ግምት «ልኬቱ ስለተስተካከለ መድኃኒቱን አቆምኩ» የሚለው ነው። የተስተካከለው በመድኃኒቱ ነው፤ ሲቋረጥ ተመልሶ ይጨምራል። የክኒኑ ዋጋ ቢከብድም፣ ስትሮክ በታካሚውና በቤተሰቡ ላይ ከሚያደርሰው ወጪና እንግልት ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በልኬት ይመኑ። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፤ ሲጋራም አያጭሱ። ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡና ወንበር ተደግፈው 5 ደቂቃ ይረፉ። ክንድዎን በልብዎ ትይዩ ያሳርፉ፤ እየተለኩ አያውሩ። በተለያዩ ቀናት ተለክተው 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። የታዘዘልዎትን መድኃኒትም ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን ሰውነት መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካጋጠመዎት ግን ልኬት ሳይጠብቁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።