ቃፊር ውሻ

ጦቢት በአደራ ያስቀመጠውን ብር እንዲያመጣለት ልጁን ጦብያን ወደ ሩቅ አገር በላከው ጊዜ፥ መልአኩ ሩፋኤል በሰው አምሳል ተገልጦ መንገድ መሪ እንደ ሆነው መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ በአንዲት አጭር ቃል ተጠቅሶ የሚታለፍ ሦስተኛ መንገደኛ መኖሩን፥ እርሱም የብላቴናው ውሻ መሆኑን ልብ የሚል አንባቢ ጥቂት ነው። ጸሐፊው ውሻው ስለ ምን እንደ ተከተላቸው አልነገረንም፤ ሰው የማያውቀውን መንገድ ሲጀምር ውሻ አብሮት መነሣቱ ምክንያት የሚያሻው ነገር ሆኖ ስላልታየው ይሆናል። ከዚያ ዘመን ወዲህ ሰው ከሄደባቸው መንገዶች እጅግ የሚያስፈራው፥ ጠላት ሸምቆ በሚጠብቅበት ዱር ውስጥ እግረኛ ወታደር የሚሄድበት መንገድ ነው፤ በዚያም መንገድ ላይ ውሻ ከሰው ፊት ቀድሞ ሄዷል። እዚህ የምናገረው ስለዚያ ውሻና ማሠሪያውን ጨብጦ ከኋላው ስለሚከተለው ወታደር ነው።

የጦር ውሻ ሲባል የብዙ ሰው ኅሊና የሚሥለው ጥርሱን አግጥጦ በጠላት ላይ የሚወረወረውን ነው። እንዲህ ያለውም አልታጣም። በ1943 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካውያን በሲሲልያ ደሴት ሲወርዱ፥ ቺፕስ የተባለው ውሻ ከያዡ እጅ አምልጦ መትረየስ ወደሚተኮስበት ምሽግ በመግባት በውስጡ የነበሩት ወታደሮች እጃቸውን እንዲሰጡ አድርጓል፤ ስለዚህም የብር ኮከብ ኒሻን ተሸልሞ፥ ኋላ ግን የጀግንነት ኒሻን ለሰው እንጂ ለእንስሳ አይገባም ተብሎ ተወስዶበታል። ይሁን እንጂ እግረኛውን ጦር ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው የሚናከሰው ውሻ አይደለም፤ ጠላትን አግኝቶ የማይጮኸው፥ በፊቱ ያለውን ሞት በዝምታ የሚያመለክተው ነው። በአባቶቻችን የጦር ሥርዓት ቃፊር ከዋናው ጦር ቀድሞ እየሄደ የጠላትን ነገር ይሰልል እንደ ነበር፥ ይህም ውሻ የሚሠራው የቃፊርን ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያበቃው ከፍጥረቱ የተሰጠው ጸጋ ነው። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚቀበሉት ሕዋሳት አምስት ወይም ስድስት ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ በውሻ አፍንጫ ያሉት እንደ ዘሩ ዓይነት እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ጆሮውም የሰው ጆሮ ከቶ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ሸምቆ የተኛ ሰው እስትንፋሱን ሊቆጥብ፥ ልብሱንና መሣሪያውን በቅጠል ሊሸፍን ይችላል፤ የገላውን ጠረን ግን ሊደብቅ አይቻለውም። ጠረኑ ከእርሱ ተነሥቶ፥ ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ እየሰፋና እየሣሣ ይሄዳል፤ ውሻውም የዚህን ጠረን ዳርቻ ባገኘ ጊዜ ራሱን አቅንቶ ወደ ምንጩ ያዞራል። ስለዚህ ያዡ በየእርምጃው ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ይመረምራል፤ ነፋስ ከኋላቸው የሚነፍስ እንደ ሆነ አፍንጫው እምብዛም አይረዳምና ተስፋው ሁሉ በጆሮው ላይ ይወድቃል። ሙቀትም ብርቱ ጠላቱ ነው፤ ውሻ እንደ ሰው በላብ ስለማይበርድ በማለክለክ ሙቀቱን ያወጣል፥ ሲያለከልክ ደግሞ አሽትቶ የመለየት ኃይሉ ይቀንሳል። ይህን ያልተረዳ አዛዥ እኩለ ቀን ላይ በጠራራ ፀሐይ ሰዓታት ሙሉ ካስኬደው በኋላ ውሻው ምንም አላገኘም ብሎ ቢወቅሰው፥ ወቀሳው የሚገባው ለራሱ ለአዛዡ ነው።

የምድሩን ዱካ እየተከተለ የሚሄደው ውሻ ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ጠላት ካለፈ በኋላ የሚሠራ ሲሆን፥ እንግሊዞች በማላያ ጫካ ውስጥ ላብራዶር በሚባለው ዘር ይህን ጥበብ አዳብረው፥ በኋላ በቬትናም ለዘመቱት አሜሪካውያን በጆሆር በነበረው የጫካ ጦርነት ትምህርት ቤታቸው አስተምረዋቸዋል።

ወደ ቃፊሩ እንመለስና፥ ከሁሉ የሚያስደንቀው የምልክቱ ነገር ነው። አንዱ ውሻ ጠላትን ሲያሸት ሁለቱን ጆሮዎቹን ያቆማል፤ ሌላው የማጅራቱን ጠጉር ያስነሣል፤ ሌላው ሲያለከልክ ቆይቶ በድንገት አፉን ይገጥማል፤ ሌላው ደግሞ ለአንድ ቅጽበት እርምጃውን ገታ አድርጎ ይቀጥላል፥ ያችው ቅጽበት ናት ማስጠንቀቂያው። የድጓ ምልክት ላልተማረ ሰው በፊደሉ ራስ ላይ የተበተነ ጭረትና ነጥብ ብቻ ሲሆን ለመሪጌታው ግን የተሟላ ዜማ እንደ ሆነ፥ እንዲሁ ይህ የውሻው ምልክት ከኋላ ለሚመጣው ወታደር ከንቱ መቁነጥነጥ ሲመስለው፥ ለያዡ ግን ርቀቱንና አቅጣጫውን፥ አንዳንድ ጊዜም የተሸሸገው ሰው ይሁን አውሬ ያስረዳዋል። ይህን ለመለየት ሰውዬው ከውሻው ጋር ለሳምንታት መኖር፥ ማብላት፥ ማጠብ፥ እግሩን መመርመር፥ ሲደክመውና ሲሰለቸው ምን እንደሚመስል ማጥናት አለበት። እኔ እንደማምነው የዚህ ሥራ ኃይል ከአፍንጫው ስለታምነት ይልቅ በዚህ ትዕግሥት ላይ የቆመ ነው። ያዡ ዓይኑን ከውሻው ላይ ማንሣት ስለማይገባው የራሱን ግራና ቀኝ አያይም፤ ስለዚህ አንድ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ከኋላው ሆኖ የእርሱን ነፍስ ይጠብቃል። ከዚህም ሁሉ በኋላ ውሻው አመልክቶ፥ ያዡ ተርጕሞ ሳለ፥ ጭፍራውን የሚመራው መኮንን ሳያምን ቢቀር፥ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ይህ እምነት በጦር ሜዳ የተፈተነበትን ቀን ለማየት አሜሪካውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓንን ወደ ተዋጉባት፥ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወዳለችው ወደ ቡጌንቪል ደሴት እንሂድ። በ1942 የአሜሪካ ሕዝብ የቤቱን ውሾች ለመንግሥቱ እንዲሰጥ በተጠየቀ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰቦች የልጆቻቸውን የጨዋታ ጓደኛ አስረክበው ነበር፤ ማሪን የተባለው ጦርም ከእነዚህ ውስጥ ይልቁንም ዶበርማንና ጀርመን ሸፐርድ የሚባሉትን መርጦ በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው በካምፕ ሌጁን አሠለጠናቸው። ከዚያም የመጀመሪያው የማሪን የውሻ ጓድ 24 ውሾች ይዞ ኖቬምበር 1 ቀን 1943 ከጥቃቱ ጦር ጋር በቡጌንቪል የባሕር ዳርቻ ወረደ። የደሴቲቱ ጫካ ዝናብ የማያባራበት፥ ረግረግ የሞላበት፥ ሰው በጥቂት እርምጃ ርቀት ያለውን ጓደኛውን የማያይበት ስፍራ ነበር። አንዲ የተባለው ዶበርማን ያለ ማሠሪያ ከአንድ ሻምበል ጦር ፊት ፊት እየሄደ፥ በመንገዱ ዳር ሸምቀው የነበሩትን የጃፓን ወታደሮች ሳይተኩሱ አስቀድሞ አስታወቀ። የሽቦ ስልክ ገና ባልተዘረጋበት፥ ሬዲዮውም በማይሠራበት ሰዓት ደግሞ ቄሣር የተባለው ጀርመን ሸፐርድ በተኩስ መካከል እየሮጠ የጦሩን መልእክት አመላለሰ። የመልእክተኛ ውሻ ሁለት ያዦች አሉት፤ አንደኛው ከፊተኛው ጦር ጋር፥ ሁለተኛው ከአዛዡ ዘንድ ይቀመጣሉ፤ ውሻውም ከሚወደው አንዱ ወደሚወደው ሌላው ይሮጣል፤ ጥበቡ ይኸው ነው። ቄሣር በጥይት ቆስሎ ወደ ያዡ ደረሰ፤ ታክሞም ዳነ፥ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ስለ ቡጌንቪል የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የቀኑ ገድል ነው፤ እኔ ግን ሌሊቱ ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል። የጃፓን ወታደሮች በጨለማ ተስበው ወደ ጉድጓዶቹ መግባትን ያውቁበት ነበርና፥ እግረኛው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አፍጥጦ ሲጠባበቅ ያድር፥ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይተኩስ፥ አንዳንድ ጊዜም በድንጋጤ የገዛ ጓደኛውን ይመታ ነበር። በጉድጓዱ ውስጥ ውሻ ባለ ጊዜ ግን ወታደሮቹ ተራ በተራ እንቅልፍ አገኙ። እንቅልፍ ያጣ ሠራዊት ምን ዓይነት ሠራዊት እንደ ሆነ ያየ ሰው፥ ይህ በረከት ምን ያህል እንደ ሆነ አይጠፋውም።

በተከተለው ዓመት በጁላይ 21 ቀን የጉዋም ደሴት ጦርነት ሲጀመር ሁለተኛውና ሦስተኛው የውሻ ጓዶች አብረው ወረዱ። በዚያ 25 ውሾች ሞተው እዚያው ተቀበሩ፤ ከእነርሱም መጀመሪያ የወደቀው ኩርት የተባለው ዶበርማን ነበር። የሦስተኛው ጓድ አዛዥ ዊልያም ፑትኒ በሙያው የእንስሳት ሐኪም ስለ ነበረ፥ ወደ አደጋ የላካቸውን ውሾች ሲቆስሉ በገዛ እጁ ያክም ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ መካነ መቃብራቸው በአረም ተውጦ ሲያገኘው እጅግ አዘነ፤ በእርሱም ድካም ስፍራው ወደ ባሕር ኃይሉ የጦር ሰፈር ተዛውሮ፥ በ1994፥ ጦርነቱ በተደረገ በ50 ዓመቱ፥ የ25ቱ ውሾች ስም የተቀረጸበትና የቀራፂዋ የሱዛን ባሃሪ የነሐስ ዶበርማን የተቀመጠበት ሐውልት ቆመ።

የዚህ ሰው ትልቁ ሥራ ግን ሐውልቱ አይደለም። ሰላም ከሆነ በኋላ እነዚህ ውሾች ሰው መግደል ለምደዋልና ወደ ቤተ ሰብ ሊመለሱ አይገባም የሚል ሐሳብ በተነሣ ጊዜ፥ ጦርነትን የተማረ ውሻ ሰላምንም ሊማር ይችላል ብሎ ተከራከረ። ከዚያም ለየአንዳንዱ ጊዜ ተሰጥቶት፥ ልዩ ልዩ ሰዎች እየመገቡትና እየዳበሱት ቀስ በቀስ ከጦር ጠባዩ እንዲላቀቅ ተደረገ፤ ከማሪኖቹ ከ500 የሚበልጡ ውሾች መካከል ከጠባያቸው ሊመለሱ ባለመቻላቸው የተገደሉት አራት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወደ ቤታቸው ወይም ወደ ያዦቻቸው ሄዱ።

ይህ እውቀት በእጅ እያለ በቬትናም የተፈጸመው ነገር ስለዚህ የበለጠ ያሳዝናል። በዚያ ጦርነት ወደ 4,000 የሚሆኑ ውሾች አገልግለዋል፤ በጆርጅያ በሚገኘው በፎርት ቤኒንግ የሠለጠኑት ቃፊሮችም በየእግረኛው ጦር ፊት እየሄዱ ደፈጣን፥ ፈንጂንና የተሸሸገ መሣሪያን ያመለክቱ ነበር። አንድ ወታደር በቬትናም የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ነው፤ ውሻው ግን የጊዜ ወሰን አልነበረውም። ያዡ ዓመቱን ጨርሶ ሲሄድ ውሻው ለአዲስ ያዥ ይሰጣል፥ ያም ሲሄድ ለሌላ፤ ከአንድ ሰው ጋር ሞትን አብሮ የተጋፈጠ እንስሳ እንደ ገና የማያውቀውን ሰው እጅ ይለምዳል። በሕጉ መሠረት ውሻው እንደ ጠመንጃና እንደ መኪና የመንግሥት ዕቃ ነበር፤ ጦሩም አገሩን ለቅቆ ሲወጣ ከዕቃው ጋር ተቆጥሮ አንዱ ለደቡብ ቬትናም ሠራዊት ተሰጠ፥ ሌላው በመርፌ ተገደለ። በመዥገር የሚተላለፍ ብርቱ ደዌ በውሾቹ ላይ ወድቆ ስለ ነበር በሽታው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የነበረው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ጤነኞቹን ለይቶ ለማቆየት ያልተቻለ ነገር አልነበረም። ወደ አሜሪካ የተመለሱት 200 ያህል ብቻ ናቸው። ውሻውን በጫካ ትቶ እንዲሳፈር የታዘዘው የሃያ ዓመት ወጣት፥ ነፍሱን ያዳነለትን ፍጡር እንደ ተሰበረ ጠመንጃ አስረክብ ሲባል በኅሊናው ላይ የተጫነውን ሸክም ዕቃ ቆጣሪው መዝገብ ሊጽፈው አይችልም፤ ከእነዚያም ሰዎች ብዙዎቹ ሸክሙን እስከ እርጅናቸው ተሸክመውታል።

ዛሬ የአሜሪካ ጦር ውሾች በቴክሳስ በሳን አንቶንዮ በሚገኘው በላክላንድ የአየር ኃይል ሰፈር ይሠለጥናሉ፤ ይልቁንም ማሊኗ የተባለው የቤልጅግ ዘር ተመራጭ ሆኗል። በአፍጋኒስታን ዘመቻ ዋናው ሥራቸው በመንገድ ዳር የተቀበረውን ፈንጂ ማሽተት ነበር። ሉካ የተባለችው የማሪኖች ውሻ በ2012 በሄልማንድ አንዱን ፈንጂ ካገኘች በኋላ ሁለተኛው ፈንድቶ አንድ እግሯን አጣች፤ ነገር ግን ታክማ ዳነችና ኑሮዋ በቀድሞ ያዥዋ ቤት ሆነ።

እርሷ ወደ ሰው ቤት ልትገባ የቻለችው በኖቬምበር 2000 በወጣው ሕግ ነው። ከቬትናም ጦርነት ወዲህ እስከዚያ ሕግ ድረስ ያረጀ የጦር ውሻ ወደ ሰው ቤት እንዲሰጥ አይፈቀድም ነበር። ሮቢ የተባለው ማሊኗ አርጅቶ መሥራት ባቃተው ጊዜ የቀድሞ ያዡ ልውሰደው ብሎ ለመነ፥ ተከለከለም፤ ልመናው ግን በሕግ አውጪዎቹ ዘንድ ተሰምቶ በስሙ የተጠራው የሮቢ ሕግ ጸደቀ። ሮቢ ራሱ በሕጉ ሳይጠቀም በ2001 መጀመሪያ ላይ በመርፌ ተገደለ። በ2015 የወጣው ሌላ ድንጋጌ ደግሞ በባዕድ አገር ከሥራ የተሰናበተ ውሻ በሰው ቤት ለመኖር ተስማሚ ሆኖ ከተገኘ ወደ አሜሪካ እንዲመለስ፥ ልውሰደው ከሚሉትም ሁሉ አስቀድሞ የያዘው ወታደር ቀዳሚ እንዲሆን አዘዘ።