የህንድ ሲቪል ሰርቪስ መግቢያ ፈተና፦ የሚጠኑት የትምህርት ዓይነቶችና የረዥም ዘመን ክርክራቸው

አንድ መንግሥት ሹማምንቱን በፈተና አወዳድሮ ለመቅጠር ሲወስን፣ ተወዳዳሪው ምን አጥንቶ ይቅረብ የሚለው ጥያቄ ከፈታኞች ቢሮ የሚሻገር ጉዳይ ይሆናል፤ ለአንዱ ትምህርት የሚሰጠው ነጥብ ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ ሹመቱ የሚደርሱት ሰዎች ቋንቋ፣ የወጡበት ትምህርት ቤትና የቤተሰባቸው ኑሮ አብሮ ይለወጣልና። ይህን የህንድን ያህል ለረዥም ጊዜና በግልጽ ያሳየ አገር ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ህንድን ያስተዳድር የነበረው የብሪታንያው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹማምንቱን ይመለምል የነበረው በዳይሬክተሮቹ ጥቆማ ስለነበር፣ ዕጩው ወጣት ወይ የዳይሬክተር ዘመድ መሆን ወይም ደጅ የሚጠናለት ሰው ማግኘት ነበረበት። በ1853 የወጣው ሕግ ይህን አሠራር ሽሮ ቦታውን ለውድድር ከፈተ፤ በቶማስ ማኮሌይ የተመራው ኮሚቴም በ1854 ባቀረበው ሪፖርት የፈተናውን ይዘት ወሰነ። የኮሚቴው መሠረተ ሐሳብ ተወዳዳሪው መፈተን ያለበት በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በአጠቃላይ ትምህርቱ ነው፣ የህንድን ሕግና ቋንቋዎች ከተመረጠ በኋላ በሙከራ ጊዜው ይማራል የሚል ነበር። በቀረበው የነጥብ ድልድል መሠረት ከጠቅላላው 6,875 ነጥብ ውስጥ ግሪክኛና ላቲን እያንዳንዳቸው 750 ሲይዙ፣ የህንድ ሊቃውንት ለዘመናት የተማሩበት ሳንስክሪትና ዐረብኛ ግን እያንዳንዳቸው 375 ብቻ ተመደበላቸው። ድልድሉ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ለተማረ እንግሊዛዊ የተሰፋ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

ከ1855 ጀምሮ ፈተናው የሚሰጠው በለንደን በመሆኑ፣ በሕጉ ያልተከለከሉት ህንዳውያን በባሕር ጉዞው ወጪና በትምህርት ዓይነቶቹ ተከለከሉ፤ የመጀመሪያው ህንዳዊ ሳትዬንድራናት ታጎር ያለፈው በ1863 ነው። ከዚያም የተወዳዳሪዎች የዕድሜ ጣሪያ ከ23 ዓመት ደረጃ በደረጃ እየወረደ በ1870ዎቹ መጨረሻ 19 ደረሰ፤ ላቲንን በባዕድ ቋንቋ አማካይነት ለሚማር የካልካታ ልጅ ይህ በሩን እንደ መዝጋት ነበር። ስለዚህም የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ በ1885 የመጀመሪያ ጉባኤው ካነሣቸው ጥያቄዎች መካከል ፈተናው በህንድም ጭምር ይሰጥ፣ የዕድሜ ጣሪያውም ይነሣ የሚለው ይገኝበታል። በህንድ ምድር፣ በአላሃባድ፣ ፈተናው መሰጠት የጀመረው ግን በ1922 ነው።

ነጻዪቱ ህንድ የሥርዓቱን ስም ለወጠች እንጂ የማኮሌይን መሠረተ ሐሳብ አልተወችም። በኢትዮጵያ አንድ መሥሪያ ቤት ለክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ አውጥቶ አመልካቹን ከመደቡ ሥራ ጋር በተያያዘ ሙያ የሚፈትንበትን አሠራር ለለመደ አንባቢ እንግዳ ሊሆን የሚችለው ይኸው ነው፤ የአውራጃ አስተዳዳሪ፣ የፖሊስ መኮንን፣ ዲፕሎማትና የግብር ሹም ለመሆን የሚሹ ሁሉ በማዕከላዊው የኅብረቱ የመንግሥት አገልግሎት ኮሚሽን ለአንድ ፈተና ይቀመጣሉ፣ ወደየትኛው አገልግሎት እንደሚሄዱም ባገኙት ደረጃና በምርጫቸው ይለያል። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን የሚቀራረብ ሰው አመልክቶ የሚመረጠው ግን አንድ ሺህ ገደማ ነው።

ፈተናው ሦስት ደረጃዎች አሉት። ማጣሪያው ሁለት የምርጫ ጥያቄ ወረቀቶች ሲኖሩት፣ ውጤቱ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ከማሳለፍ በቀር በመጨረሻው ደረጃ አወጣጥ አይቆጠርም። ክብደቱ ያለው በጽሑፍ በሚመለሰው ዋና ፈተና ላይ ነው፤ ከ1,750 ነጥቦች ውስጥ ድርሰቱ 250፣ አጠቃላይ ጥናት የሚባሉት አራት ወረቀቶች 1,000፣ ተወዳዳሪው ራሱ የሚመርጠው አንድ አማራጭ ትምህርት ደግሞ 500 ይይዛሉ፤ በቃለ መጠይቁ 275 ሲጨመር ድምሩ 2,025 ይሆናል። ከአጠቃላይ ጥናቶቹ የመጀመሪያው ታሪክን፣ ባህልንና ጂኦግራፊን፣ ሁለተኛው ሕገ መንግሥትን፣ አስተዳደርንና የውጭ ግንኙነትን፣ ሦስተኛው ኢኮኖሚን፣ ቴክኖሎጂን፣ አካባቢንና ጸጥታን ይሸፍናሉ። በ2013 የተጨመረው አራተኛው የሥነ ምግባር ወረቀት ሲሆን፣ አንድ ሹም የበላዩ ትእዛዝና የሕዝብ ጥቅም ቢጋጩበት ምን ያደርጋል የሚል ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል፤ ቅንነት በወረቀት ይለካ እንደሆነ ግን አጠራጣሪ ነው፣ ትክክለኛውን መልስ ሸምድዶ መጻፍ የሚከብደው የለምና።

በቅርብ ዘመን ብርቱ ቁጣ የቀሰቀሰው ከማጣሪያው ወረቀቶች ሁለተኛው፣ የንባብ ግንዛቤን፣ አመክንዮንና መሠረታዊ ሒሳብን የሚለካው የችሎታ ወረቀት ነው። በ2011 ሲገባ የታሰበው ሽምደዳን ለመቀነስ ነበር፤ በገጠር ትምህርት ቤቶች በሂንዲና በሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች የተማሩ ወጣቶች ግን ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ለተማሩና ለምህንድስና ምሩቃን ያደላል፣ የሂንዲው ትርጉምም ራሱ አይገባም ብለው ተቃወሙ። በ2014 በዴልሂ ከተካሄደው ሰልፍ በኋላ ወረቀቱ ከ2015 ጀምሮ 33 በመቶ ካገኙ ብቻ በቂ የሚሆን፣ ለብልጫ የማይቆጠር እንዲሆን ተደረገ። ከዚህ ቀደም፣ የኮታሪ ኮሚቴ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ከ1979 ጀምሮ ተወዳዳሪዎች የዋናውን ፈተና መልስ በሕገ መንግሥቱ በተዘረዘሩ የአገሪቱ ቋንቋዎች እንዲጽፉ ተፈቅዶ ስለነበር፣ የ2011ዱ ወረቀት ያንን በር መልሶ እንዳጠበበ ነበር የታየው።

አማራጭ ትምህርቱ የሚያስነሣው ክርክር የተለየ ነው። ዝርዝሩ 48 ሲሆን፣ ከእነዚህ 23ቱ የልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ ናቸው፤ ሒሳብ የመረጠ ሰው መልሱ ትክክል ከሆነ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ሲችል፣ ሶሲዮሎጂ ወይም ታሪክ የመረጠ ግን የቱንም ያህል ቢጽፍ አራሚው የሚቆጥብበት ነጥብ አይጠፋም፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ማን ለአስተዳደር ይበልጣል ማለት ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ የተማሩትን ትተው መርሐ ትምህርቱ አጭር፣ ከአጠቃላይ ጥናቱም ጋር የሚደራረብ ነው የሚባለውን ይመርጣሉ፤ በዴልሂ ሙከርጂ ናጋርና ኦልድ ራጂንደር ናጋር በተባሉት ሰፈሮች የተከማቹት የማስጠኛ ተቋማትም ከሚያስከፍሉበት ምክር አንዱ ይኸው ነው። ከኅብረቱ ግዛቶች አንዳንዶቹ በራሳቸው ፈተና አማራጩን እስከ መሰረዝ ሄደዋል፤ ኡታር ፕራዴሽ ከ2023 ጀምሮ በምትኩ ስለ ግዛቲቱ ራስዋ የሚጠይቁ ሁለት ወረቀቶች አስገብታለች፣ ማዕከላዊው ኮሚሽን ግን 500ውን ነጥብ እንደያዘ ቀጥሏል።