እንቁጣጣሽን ያለ ጭንቀት፦ ከበዓሉ በፊት ቤት ውስጥ መነጋገር ያለብን ነገሮች

ነሐሴ ሲጋመስ ሁላችንም ቤት ያው ወሬ ይጀመራል። "በግ ስንት ገባ? ሽንኩርትስ?" ማን ምን ይችላል፣ ማን ምን ይሠራል የሚለውን ግን ደፍሮ የሚያነሳ የለም። ዋዜማው ላይ አባት ዝም ይላል፣ እናት ወጥ ቤት ብቻዋን ትቀራለች። ከኛ መሀል ደግሞ "ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?" ብሎ ስልክ የማያነሳ አለ።

ለምንድነው ይሄ በዓል የሚከብደው?

አንዱ ምክንያት የቀን መቁጠሪያችን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደሞዝ ለሚቀበል ቤተሰብ ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። ስለዚህ የነሐሴ ደሞዝ 30 ሳይሆን 35 ቀን (ጳጉሜ 6 ስትሆን 36) መድረስ አለበት። በዚያ ላይ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ በዚያው ሰሞን ደብተርና ዩኒፎርም፣ መስከረም 17 መስቀል። ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ ሰው ካለ ትራንስፖርትም ይጨመራል። ብድሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የምትችሉትን ቀድማችሁ ተናገሩ። የበዓሉን፣ የትምህርት ቤቱንና የመስቀሉን ወጪ አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። "እማዬ፣ ዘንድሮ የምችለው ይህችን ነው" ማለት ያሳፍር ይሆናል። ግን ነሐሴ ላይ ከሰማች ገበያዋን በዚያው ልክ ታስተካክላለች። ዋዜማ ላይ ከሰማች ግን መበደር ነው።

2. በግ ግዴታ አይደለም። ዶሮ ብቻም በዓል ነው። ሥጋ ካማራችሁ ከሰፈር ሰው ጋር ቅርጫ ግቡ፤ በሬው በጋራ ተገዝቶ መደብ መደቡን ትካፈላላችሁ። ሰው ሳይሞላ ቶሎ ተመዝገቡ። በርበሬና ቅቤንም የዋዜማው ግርግር ሳይመጣ መግዛት ይቻላል።

3. ሥራውን ተከፋፈሉ። ዶሮ ወጥ ማለት ያን ሁሉ ሽንኩርት መላጥና መክተፍ፣ ለሰዓታት ማቁላላት፣ ዶሮውን 12 ቦታ ገነጣጥሎ ደጋግሞ ማጠብ ማለት ነው። ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ሠርቶ በማግስቱ እንግዳ ፈገግ ብሎ እንዲቀበል መጠበቅ ግፍ ነው። ቁሌቱን ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጅቶ ፍሪጅ ማስገባት ይቻላል። ወንዶች፣ ሽንኩርት መላጥ የማንንም ወንድነት አይቀንስም። ቤት ማጽዳቱ፣ ቄጠማ መግዛቱ፣ ቡና ማፍላቱም ባለቤት ይኑረው።

4. ለጥያቄዎቹ ተዘጋጁ። "ሥራ አገኘህ?" "አንቺስ መቼ ነው የምንድርሽ?" መምጣቱ አይቀርም። አብዛኛው ሰው ለክፋት ብሎ አይጠይቅም። "እናንተ ጸልዩልኝ እንጂ" ብሎ ስቆ ማለፍ ይበቃል። ነገሩ የምር የሚያማችሁ ከሆነ ግን ለእህት ወይም ለአክስት ቀድማችሁ ንገሩ፤ ወሬ ታስቀይርላችኋለች።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረግ ካቃታችሁ ከአንዱ ጀምሩ። ዛሬ ማታ ቤት ደውሉና "ዘንድሮ ምን ጎደለ? ሽንኩርቱን እኔ እልጣለሁ" በሉ።

እናንተ ቤት በበዓል ሰሞን ብዙ የሚደክመው ማነው?

መልካም አዲስ ዓመት! 🌼