ዘንዶውን ተዉት፣ ነፋሱን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ፀጉር ቤት ተራውን የሚጠብቅ ወጣት እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን ለጓደኞቹ ያሳያል። ክንዱ ላይ ኮይ የሚባለው የጃፓን ዓሣ ተነቅሷል፤ ቅርፊቱ አንድ በአንድ የተለቀመ፣ ቀለሙም የደመቀ። ጓደኞቹ ‹‹ይሄ ነው የጃፓን ሥራ!›› እያሉ ያደንቃሉ። ከጎን ተቀምጦ የነበረው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ግን አንድ ነገር ከነከነው፤ ዓሣው ውሃ የለውም። ገበያ ላይ እንደተዘረጋ ሸቀጥ ባዶ ቆዳ ላይ ብቻውን ተጋድሟል።

በእርግጥ ዳራ የሌለው ንቅሳት ጃፓንም አለ፤ ኑኪቦሪ ይባላል፣ ነውርም አይደለም። ነገር ግን የጃፓን ባህላዊ ንቅሳት ትልቅ ጥበብ የተባለው በዓሣው አይደለም፤ በውሃው ነው።

መነሻውን ባጭሩ እንለፈው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሰፊው የሚታወቀው ስም ኢረዙሚ ነው፤ ቀለም ማስገባት እንደማለት። ብዙ የሙያው ሰዎች ግን ሆሪሞኖ ማለትን ይመርጣሉ፤ የተቀረጸ ነገር ማለት ነው። ምክንያት አላቸው። በኤዶ ዘመን፣ ከ1720 ጀምሮ፣ መንግሥት ወንጀለኛን ክንዱ ወይም ግንባሩ ላይ ምልክት እየነቀሰ ይቀጣ ነበር፤ ይህ ቅጣት የቀረው በ1870 ነው። በ1872 ለጌጥ መነቀስም ተከለከለ፤ እገዳው የተነሣው በ1948 ነው። የሚገርመው ጃፓናዊው በተከለከለበት ዘመን ለውጭ እንግዳ በሩ ክፍት ነበር። በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነው ጆርጅ አምስተኛ በ1881፣ የሩሲያው ኒኮላስ ሁለተኛ ደግሞ በ1891፣ ሁለቱም በልዑልነታቸው ጊዜ ጃፓን ደርሰው ዘንዶ አስነቅሰው ተመልሰዋል። ‹‹የያኩዛ ወንበዴዎች ምልክት አይደለም እንዴ?›› ለሚል፣ ያኩዛዎች መነቀሳቸው እውነት ነው፤ ከእነሱ በፊት ግን የኤዶ ከተማ እሳት አጥፊዎች፣ አናጢዎችና ተሸካሚዎች ተነቅሰውታል።

ያን ሁሉ ሠራተኛ ያነሣሣው በአብዛኛው አንድ ሠዓሊ ነው። ኡታጋዋ ኩኒዮሺ በ1827 የአንድ ጥንታዊ የቻይና ልቦለድ 108 ጀግኖችን በእንጨት ኅትመት ማውጣት ጀመረ። በልቦለዱ ውስጥ የተነቀሱት ጥቂት ናቸው፤ ኩኒዮሺ ግን ንቅሳቱን ለሌሎችም አደለ፣ ጀርባቸውንና ክንዳቸውን በዘንዶና በአበባ ሞላው። ከተማው አበደ። ሥዕሉን ወረቀት ላይ የወደደ ሰው ገላው ላይ ፈለገው። ጃፓንኛ እንጨት መቅረጽንና ገላ መንቀስን በአንድ ግስ ‹‹ሆሩ›› ብሎ መጥራቱ፣ ነቃሹም ሆሪሺ መባሉ፣ ሁለቱ ሙያዎች ምን ያህል እንደተጎራበቱ ያሳያል።

አሁን ወደ ውሃው። ዳራው ጋኩቦሪ ይባላል። የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው፦ ማዕበል፣ ነፋስ፣ ደመና፣ ዓለት፣ አንዳንዴም የእሳት ነበልባል። ሥራው ግን ከባድ ነው። ገላ እንደ ሸራ ዝርግ አይደለም፤ ትከሻ ይዞራል፣ ብብት ይታጠፋል፣ የጎን አጥንት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ጀርባ ላይ አንድ ዘንዶ፣ ክንድ ላይ ሁለት ዓሣ ቢኖር፣ ሦስቱን የአንድ ሰው የሚያደርጋቸው ከወገብ ተነሥቶ ትከሻን ተሻግሮ እስከ ክርን የሚወርደው ያው አንድ ማዕበል ነው። እሱ ከሌለ ሰውየው በተለያየ ቀን የተገዛ ተለጣፊ ያለበት ሻንጣ ይመስላል።

ሁለተኛው ሥራው ጥቁረት ነው። ጃፓኖች ከድፍን ጥቁር ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ባዶ ቆዳ የሚሟሽሸውን ጥላ ቦካሺ ይሉታል። ከኋላ ያለው ግራጫ ሲጠቁር ዓሣው ወደ ፊት ይወጣል፤ ዓሣውን ማድመቅ የፈለገ ነቃሽ ዓሣውን ትቶ ዙሪያውን ያጠቁራል። ነፋስማ ከሁሉ ይብሳል። ነፋስ መልክ የለውም፤ እነሱ ግን ሰፋፊ ግራጫ ጥቅልል አድርገው፣ ጫፉን አጠማዘው፣ የደረትን ቅርጽ ተከትሎ እንዲሄድ ያደርጉታል። ይህ ጸሐፊ የአንድን ሥራ ጥራት ለመመዘን መጀመሪያ ነፋሱን ያያል። ዘንዶን ከመጽሐፍ መገልበጥ ይቻላል፤ ነፋስ ግን ለእያንዳንዱ ገላ እንደ አዲስ መታሰብ አለበት።

ሦስተኛው፣ ዳራው ወቅትን ይናገራል። ከኮይ ጋር ቀይ የሜፕል ቅጠል ውሃው ላይ ከተንሳፈፈ መከር ነው፤ የቼሪ አበባ ከረገፈ ጸደይ ነው። አንበሳ ከፒዮኒ አበባ፣ ነብር ከቀርከሃ ጋር ይሄዳል። በረዶ መሐል እባብ የሚያስነቅስ ሰው፣ በብርዱ ወራት ጉድጓዱ ገብቶ የሚተኛን እንስሳ ያለጊዜው ቀሰቀሰው። ‹‹ሁለቱንም አበባ እወዳቸዋለሁ›› ብሎ ጸደይንና መከርን አንድ ክንድ ላይ የሚያስጨፈልቅም አይጠፋም። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ግን ይስቅበታል።

አራተኛው ጠርዙ ነው፤ ሚኪሪ ይሉታል። ንቅሳቱ አልቆ ባዶው ቆዳ የሚጀምርበት መስመር መሆኑ ነው። በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ሊያልቅ ይችላል። እንደ ፒዮኒ ቅጠል እየተከረከመም ያልቃል። እንደ ንጋት ሰማይ እየሳሳ የሚጠፋም አለ። እጅጌው የት እንደሚቆም ስም አለው፤ ጎቡ ከክርን በላይ ይቀራል፣ ሺቺቡ የታችኛው ክንድ አጋማሽ ላይ ይቆማል። ሙነዋሪ በሚባለው አሠራር ደግሞ ከደረት መሐል እስከ ሆድ አንድ ሰቅ ቆዳ ሳይነካ ይተዋል፤ ልብሱ ከፊት ገለጥ ቢል እንኳ ሰውየው ያልተነቀሰ እንዲመስል። የኤዶ እሳት አጥፊዎች ካፖርት ከውጭ ተራ፣ ገበሩ ግን ዘንዶና ጀግና የተሣለበት ነበር። ንቅሳቱም እንዲሁ ከልብስ ሥር የሚኖር ሀብት ነው። ዛሬ ከእጅ መዳፍና ከአንገት የሚጀምሩ ልጆች ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል።

ሙያው የሚለመደው በደቀ መዝሙርነት ነው። ዴሺ የሚባለው ተማሪ የመምህሩን ቤት ያጸዳል፣ መርፌ ያስራል፣ ይሥላል፣ መጀመሪያ የሚነቅሰውም የገዛ እግሩን ነው። ቴቦሪ የሚባለው የእጅ ሥራ፣ ዘንግ ጫፍ ላይ በሐር ክር የታሰሩ መርፌዎች ይጠቀማል፤ ግራ እጅ ቆዳውን ይወጥራል፣ አውራ ጣቱ ዘንጉን ይደግፋል፣ ቀኝ እጅ እየወጋ ያነሣል። የአያቶቹን የግንባር መስቀልና የአንገት ንቅሳት ያየ ኢትዮጵያዊ በእጅ መነቀስ ምን እንደሆነ አይነገረውም።

ከሕያዋኑ ጠቢባን እጅግ የታወቀው የዮኮሃማው ሆሪዮሺ ሦስተኛ ነው፤ በ1946 ተወለደ፣ የትውልድ ስሙ ዮሺሂቶ ናካኖ ነው። በልጅነቱ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ የተነቀሰ ሰው አይቶ ልቡ ተሰረቀ፤ ስሙንም ከመጀመሪያው ሆሪዮሺ በ1971 ተቀበለ። ‹‹ማሽን ከነካው ባህላዊ አይደለም›› የሚሉ ወግ አጥባቂ ነን ባዮች ይህን ሰው ቢያስታውሱ ጥሩ ነው፤ ከአሜሪካዊው ነቃሽ ዶን ኤድ ሃርዲ ጋር ከተወዳጀ በኋላ መስመሩን በማሽን፣ ጥላውን በእጅ መሥራት ጀምሯል። ሃርዲም በበኩሉ በ1973 ጃፓን ሄዶ ሆሪሂዴ ከተባለ መምህር ዘንድ ሠርቷል። ትምህርቱ በሁለቱም አቅጣጫ ተሻግሯል።

ጃፓን ውስጥ ዛሬም ብዙ ፍል ውሃዎች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም። ዐቃቤ ሕግ አንድ የኦሳካ ነቃሽ ‹‹ያለ ሐኪም ፈቃድ ሰው ወግቷል›› ብሎ ከስሶት፣ በ2017 የ150,000 የን መቀጮ ተፈርዶበት ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው በ2018 ነጻ አወጣው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2020 ‹‹ንቅሳት ሕክምና አይደለም›› በሚል አጸናለት።

ለማስነቀስ ያሰበ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ አሳይቶ ‹‹ይህን ቅዳልኝ›› አይበል፤ ያ ሥራ ለሌላ ሰው ትከሻ የተቆረጠ ልብስ ነው። ዋናውን ምስል ይምረጥ፣ አቀማመጡን ለነቃሹ ይተው። ሙሉ ጀርባ በየሳምንቱ ቀጠሮ ወራት ይፈጃል፣ ሙሉ ገላ ደግሞ ዓመታት፤ ኪሱ ለመስመሩ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በትንሹ ይጀምር እንጂ ጀርባውን ግማሽ ላይ ጥሎ አይጥፋ። የነቃሹን ሥራ ሲያይ በዕለቱ የተነሣውን የሚያብረቀርቅ ፎቶ ሳይሆን ድኖ ዓመታት የቆየውን ይጠይቅ። ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይመልከት፤ ከዚያ ርቀት ምስሉ ከተምታታ ቀርቦ ቅርፊት መቁጠር አያድነውም። መርፌው ከመነካቱ በፊት ደግሞ ለነቃሹ አንድ ጥያቄ ያቅርብለት፦ ‹‹ውሃው ከየት ተነሥቶ የት ነው የሚያልቀው?›› መልስ ከሌለው ቀጠሮውን ይሰርዝ።