ሲቆይ የማይወደድ ወይን

ዛሬ ከቡናና ከእህል ትንሽ ወጣ እንበል። እኛ ጋ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አውሮፓ በበጋው ሐሩር ይጋያል። በዚያ ሰሞን ከባድ ቀይ ወይን ብዙም አያስኬድም፤ የሚፈለገው ቀለል ያለ፣ የቀዘቀዘ ነጭ ወይን ነው።

የፖርቱጋሉን ቪኞ ቬርዴ እንውሰድ። ስሙ «አረንጓዴ ወይን» ማለት ነው፤ ግን ነገሩ የቀለም ሳይሆን የለጋነት ነው። የሚመረተው በሰሜን ምዕራብ ፖርቱጋል፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ሲሆን አካባቢው ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለለ ነው። ቀዝቃዛውና ዝናባማው አየር የፍሬውን ኮምጣጣነት ይጠብቃል። አልኮሉም ዝቅ ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ። አንዳንዱ ምላስ ላይ ትንሽ ይፍለቀለቃል። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ከዓሣ ጋር ሲቀርብ ጥም ይቆርጣል።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። አልቫሪኞ ከሚባለው ዝርያ የሚሠራው አንዳንዱ ቢቆይም፣ ብዙው ቪኞ ቬርዴ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣት አለበት። ከዚያ በኋላ ያ የሚያነቃው ጣዕም ይደበዝዛል። «ወይን ሲቆይ ይወደዳል» የሚለው ለዚህ አይሠራም።

የታጠበ ይርጋጨፌም እንዲሁ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለአሲዲቲውና ለአበባ መዓዛው ነው። መጋዘን ከርሞ «ያለፈው ዓመት ምርት» ከተባለ ቅናሽ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ዋጋ ይጨምራል ብላችሁ ቡና ስትይዙ፣ ጭማሪው ከሚጠፋው ጣዕም ይበልጥ እንደሆነ አስሉ። ስንዴ በደንብ ከተቀመጠ ይጠብቃችኋል፤ በጣዕሙ የሚሸጥ ዕቃ ግን አይጠብቅም።

መልካም ገበያ!