መቃብር የሌለው ሐዘን

ሰው ሲሞት የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ በአርባው ቀን ተዝካር ይወጣል። ሰው ሲጠፋ ግን ቤተ ሰቡ ምን ያድርግ? ቢያለቅስ ሟርት ይመስለዋል፤ ዝም ቢል ልቡ አያርፍም።

የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ የነበሩት ደራሲው አቶ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1975 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ከሥራቸው ተሰናበቱ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው ወጡ፤ አልተመለሱም። ቮልስዋገን መኪናቸው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ለቤተ ሰቡ የተሰጠ አስከሬን የለም። በ1971 ዓ.ም. በምሥጢር የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ እንኳ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ተቈፍሮ ወጥቶ በክብር ተቀብረዋል።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኰሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ። ፍርዱ ተገቢ ነው እንላለን። ይሁን እንጂ ወንጀለኛን መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ «ልጄን የት አደረጋችሁት?» ለምትል እናት መመለስ ደግሞ ሌላ። በዚያው ወር የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያጸደቀው ስምምነት፣ ቤተ ሰብ እውነቱን የማወቅ መብት እንዳለው ደንግጓል።

እውነቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ይገኛል። (ደርግ ግድያን እንኳ በደብዳቤ፣ በፊርማና በማኅተም ያስፈጽም ነበር፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግም በችሎት ያቀረበው ይህንኑ ወረቀት ነው።) በየመዝገብ ቤቱ የምትሠሩ ጓደኞቻችን፣ አቧራ የለበሰ የ1970ዎቹ ፋይል ስታገኙ፣ ይወገድ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እባካችሁ ገልጣችሁ እዩት።