ያውቁ ኖሯል? ጠፋ ተብሎ ከቁጥቋጦ ሥር የተገኘው ነፍሳት

ድራዮኮሴለስ አውስትራሊስ ይባላል። አገሩ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሎርድ ሀው ደሴት ናት።

ያውቁ ኖሯል? ክፍለ መደቡ ፋስማቶዲያ ነው፤ ጭራሮና ቅጠል መስለው ከጠላት የሚሰወሩ ነፍሳት የሚመደቡበት። እሱ ግን ካደገ በኋላ ጭራሮ አይመስልም። ወፍራም፣ ጥቁርና ክንፍ አልባ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚህ የተነሣ «የየብስ ሎብስተር» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። በወገኑ ውስጥ ከእሱ በቀር ሌላ ዝርያ የለም።

ጫጩቱ አረንጓዴ ነው፤ ቀን ይንቀሳቀሳል። ሲያድግ ይጠቁርና የሌሊት ተጓዥ ይሆናል።

ቀድሞ የደሴቲቱ ዓሣ አጥማጆች ነፍሳቱን ለዓሣ ማማለያ በመንጠቋቸው ላይ ይሰኩት ነበር። ያን ያህል ብዙ ነበር ማለት ነው!

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1918 ማካምቦ የተባለች መርከብ ደሴቲቱ አጠገብ መሬት ነክታ ቆመች፤ አይጦችም ከእሷ ወርደው ገቡ። አይጦቹ ስለበሉት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነፍሳቱ ከደሴቲቱ ጠፋ።

በ1964 ግን ቦልስ ፒራሚድ የተባለውን፣ ከደሴቲቱ 23 ኪሎ ሜትር ርቆ ከባሕር ቀጥ ብሎ የወጣ ቋጥኝ የወጡ ሰዎች የሞተ አንድ አገኙ። በሕይወት ያሉት የተገኙት በ2001 ነው፤ 24 ሆነው፣ በአንድ ቁጥቋጦ ሥር። እንግዲህ የዝርያው ዕጣ በዚያች ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በ2003 ሁለት ጥንዶች ለማራባት ከቋጥኙ ተወሰዱ። ወደ ሜልቦርን የእንስሳት ማቆያ የሄዱት አዳምና ሔዋን ተባሉ። ሔዋን ብዙም ሳትቆይ ታመመች፤ ተንከባካቢዋ ካልሲየምና የአበባ ወለላ የተቀላቀለበት ፈሳሽ በጠብታ እየሰጠ አተረፋት። የዚህ ዝርያ ሴት ወንድ ባይኖርም እንኳ የሚፈለፈል እንቁላል መጣል ትችላለች።

ያውቁ ኖሯል? ትልቁ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። የቋጥኙ ነፍሳት በሙዚየም ከተቀመጡት የቀድሞዎቹ ጋር በመልክ በጣም ስለሚለያዩ፣ «ይህ ሌላ ዝርያ ቢሆንስ?» ያሉ ነበሩ። ሌላ ከሆነ የሎርድ ሀው ነፍሳት በእርግጥም ጠፍቷል፤ የተገኘው እንግዳ ነው። በ2017 ይፋ የሆነ የዲኤንኤ ጥናት ልዩነታቸው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን አሳየ፤ ያው አንድ ዝርያ ናቸው። መልክ ብቻ ዳኛ ሲሆን እንዲህ ያሳስታል።

በ2019 ደሴቲቱን ከአይጥ ለማጽዳት ሰፊ የመርዝ ዘመቻ ተካሄደ። በማቆያ የተባዙት ነፍሳት ወደ ቀድሞ አገራቸው የመመለሳቸው ነገር የሚወሰነው በአይጦቹ መጥፋት ነበር።